450 ፈረስ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ድሮዎቹ ጉልበታም የአሜሪካ መኪኖች የወጣውን ጽሑፍ ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልጆቹ መፍቻ ጥለው ሰሙኝ። ደስ ይላል። የፈረስ ጉልበቱ ነገር ግን አልተዋጠልኝም።

የ1970ው (እ.ኤ.አ.) ሸቭሮሌ ሼቬል፣ ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንቹ (7.4 ሊትር ገደማ) ሞተር፣ 450 ፈረስ ተብሏል። ወረቀት ላይ ልክ ነው። ያኔ ግን አሜሪካኖቹ የሚለኩት ሞተሩን ለብቻው አውጥተው፣ ያለ ፋብሪካው ማርሚታና ያለ አየር ማጣሪያ ነበር። ያ አለካክ የቀረው በ1972 ገደማ ነው።

ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። አየሩ ስስ ነው። የካርቡራተር ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ጥሎ ነው የሚሠራው። ቤንዚኑ ግን ለቆላ እንደተለካ ይፈሳል። በቀደም አንዲት ቮልስ ከቆላ መጥታ ትንፋሽ አጠራት። ካንዴላዋን (ቤንዚኑን የምታቀጣጥለውን) ፈትቼ በጣቴ ብነካት እንደ ኩል ቀባችኝ፤ ቤንዚን በዝቶባታል። የቤንዚን መርጫውን ጠበብ ባለ ቀይሬላት ሄደች። ሼቬሏም ብትመጣ ዕጣዋ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን እወዳቸዋለሁ? ሞተሩ ገና ሳይጮህ ስለሚገፋ! ፖንቲያክ በ1964 ጂቲኦን ሲሠራ የትልቅ መኪና ሞተር፣ 6.4 ሊትሩን፣ መካከለኛ አካል ላይ ጫነው። አለቀ። ትልቅ ሲሊንደር በዝቅተኛ ዙር ይጎትታል፤ ማርሽ መነካካት አያስፈልግም። ኮፈኑን ስትከፍቱ ደግሞ ሁሉም ነገር ይታያል፣ እጅም ይገባል። የዛሬዎቹን ስከፍት የማየው የፕላስቲክ ክዳን ነው።

ጽሑፋችሁ ጭራሽ ያላነሳው ፍሬኑን ነው። ያቺ ጂቲኦ በአራቱም ጎማ ባለ ታምቡር ፍሬን (ሸራው ከውስጥ የሚገፋበት የድሮው ዓይነት) ነበረች። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቃል። ሸራው ከጋለ መያዙን ይተዋል፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ 300 ፈረስ ማንንም አያድንም። ስለዚህ እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስለ መኪና ስትጽፉ ስለ መቆሙም ጻፉ።

ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ከእነዚህ መኪኖች አንዷን ወደ ጎጃም የሚያመጣ ካለ መጀመሪያ የፊቱን ፍሬን በዲስክ ይቀይር። ካርቡራተሩን በነፃ አስተካክልለታለሁ። እስከ ሉማሜ ደርሼ ልመለስባት ብቻ ይፍቀድልኝ።

አንድ መካኒክ፣ ከደብረ ማርቆስ