አየር ላይ የቆመ መኪና

ይድረስ ለልጄ፣

የላክኸውን ፎቶ አየሁት። ጥቁር መርሴዲስ ኤስ 550፣ የ2015፣ 98,000 ማይል የሄደ፣ 21,000 ዶላር። እናትህ ስልኬን ነጥቃ አየችና «ይሄማ የሚኒስትር መኪና ነው» አለች። ያምራል፣ አልዋሽህም። እኔም ሌሊት ተነስቼ ደግሜ አይቼዋለሁ። በስልክ ስናወራው አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ አኮርፋለሁ፤ ስለዚህ ይሻላል ብዬ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

«አዲሱ ከ90,000 በላይ ሲሸጥ የነበረ መኪና በሩብ ዋጋ አገኘሁ» ብለሃል። ዋጋው ወረደ እንጂ መኪናው አልወረደም፣ ልጄ። አንድ ነገር ሲሰበርበት የሚጠይቁህ የ21,000 ዶላር መኪና ዕቃ ዋጋ አይደለም፣ የ90,000ውን ነው። የመካኒኩም ሰዓት እንደዚያው። አዲስ አበባ ላዳ ስነዳ አንድ መፍቻና ትንሽ ሽቦ ይበቃኝ ነበር፤ የጎደለውን ሶማሌ ተራ ወርጄ እገዛለሁ፣ ከሰዓት ሥራ እገባለሁ። ይሄኛው ትንሽ ነገር ሲበላሽበት እንኳ ኮምፒውተር የሚፈልግ ዘር ነው።

ያቺን የሊሞዚን ሥራ የሠራሁባትን ጥቁር መኪና ታስታውሳለህ? ስሟን አልጠራም። ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርክ። ከቆመች በኋላ ከሥር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ታሰማ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሰማሁት፣ ሁለት ወር ሙሉ ሬዲዮ ከፍ አደረግሁበት። እነዚህ መኪኖች በብረት ሞላ ፋንታ አየር በተሞላ የጎማ ፊኛ ላይ ነው የሚቆሙት። አንተ የመረጥኸውም እንደዚያው ነው፤ ኤስ 550 የሚመደብበት የመርሴዲስ ኤስ ክላስ በ1998 ከወጣው ሞዴል ጀምሮ አየር ላይ ነው ያለው። የፊኛው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቅና አየር ያፈሳል። ያንን ለመሙላት አየር የሚነፋው ኮምፕረሰር ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ በመጨረሻ እሱም ይቃጠላል። የኔዋ አንድ የጥር ሌሊት፣ ከለሊቱ አስር ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ ወደ ደለስ ኤርፖርት ላደርስ ስወጣ በቀኝ በኩል እንደ ግመል ተንበርክካ አገኘኋት። ፓራፋንጎዋ ጎማው ላይ ተኝቷል፣ ጣት አያስገባም። ደንበኛው በሌላ መኪና ሄደ፣ ተመልሶም አልደወለልኝም። ፊኛውና ኮምፕረሰሩ ተደምረው 3,800 ዶላር። በዚያ ሰሞን እናትህ ዕቁብ ወጥቶላት ነበር፤ ለእህቷ ሠርግ አዲስ አበባ ልትሄድበት ነበር። አልሄደችም። ዛሬም የሠርጉ ቪዲዮ ሲከፈት ዓይኗ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

አትግዛ አላልኩህም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ብዬ እንደማልጀምርም ታውቃለህ። ግን ከ21,000ው ሌላ ለመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 4,000 ዶላር ለብቻ ካላስቀመጥክ ይቅርብህ። ሻጩ የሰርቪስ ወረቀት ያሳይህ፤ ይሄ መኪና በየ10,000 ማይሉ ወይም በየዓመቱ ነው ሰርቪስ የሚገባው። «የካምቢዮ ዘይቱ ዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» የሚልህ ካለ አትስማው። ለቢኤምደብሊው ካምቢዮ የሚሠራው ዜድ ኤፍ የሚባለው ፋብሪካ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ቀይሩት ይላል። የማን ዕድሜ ልክ እንደሆነ እንጃ፤ የኔ ግምት የዋስትናው ነው።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ይዤ እመጣለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለመኖሩ ምንም አይነግርህም፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ደምስሶ መሸጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን የተደመሰሰ እንደሆነ ያስታውቃል፤ መኪናው ራሱን መፈተሹን ገና አልጨረስኩም ይላል። ያን ካየን ጥያቄ እንጠይቃለን።

ሌክሰስ ኢ ኤስ 350ን ያነሳሁብህ ጊዜ «የሽማግሌ መኪና» ብለህ ሳቅክብኝ። ይሁን። በውስጡ የቶዮታ ካምሪ ዘመድ ነው፣ የብረት ሞላ ላይ ይቆማል፣ ዕቃውም በየሰፈሩ አለ። ሽማግሌዎች ለምን እንደሚወዱት አስበህ ታውቃለህ?

ቅዳሜ ጠዋት ባልቲሞር እደርሳለሁ። እስከዚያ ቀብድ እንዳትሰጥ። ሻጩን «ዓርብ ማታ ደልዳላ ቦታ አቁመው፣ እኛ እስክንመጣ እንዳታስነሳው» በለው። የሞተሩ ሰንሰለት ላልቶ ከሆነ የሚንኳኳው ቀዝቃዛውን ሲያስነሱት ነው፣ ከሞቀ በኋላ ዝም ሊል ይችላል። ፊኛው የሚያፈስ ከሆነም ሲያድር ይተኛል። በአራቱም ጎማዎች ላይ ያለውን ክፍተት በጣቴ እለካለሁ፤ አንዱ ካነሰ ፊኛው ላይ የሳሙና ውሃ እንረጫለን፣ አረፋ ካወጣ አገኘነው ማለት ነው።

ደርሰን ኮፈኑን ስነካው ሞቆ ካገኘሁት ግን ቁርስ በልተን እንመለሳለን። ቁርሱን አንተ ትከፍላለህ።

አባትህ