የፖሊስ ሬዲዮ ዳግም እንዲከፈት ለዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት
የፍትሕና የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ የፖሊስ የዲስትሪክት ሬዲዮ ቻናሎች ለሕዝብ እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

የከተማችን መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ቅጾቻቸውን በአማርኛ ማውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2004 ያጸደቃችሁት የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ፍሬ ነው። እኔም ይህንኑ ተመርኩዤ አቤቱታዬን ሐሳቤ በሚቀናኝ ቋንቋ አቀርባለሁ።

በዚህች ከተማ ለብዙ ዓመታት የሌሊት ታክሲ ነድቻለሁ። ከመሪው በስተቀኝ በላስቲክ ያሰርኳት፣ አንቴናዋ ተሰብሮ በፕላስተር የተጠገነ የፖሊስንና የእሳት አደጋን የሬዲዮ ንግግር የምታሰማ አንዲት የዩኒደን ስካነር ነበረችኝ። አርብ ሌሊት በ14ኛ ጎዳና ሽቅብ ስወጣ የሦስተኛው የፖሊስ ዲስትሪክት ዲስፓቸር፣ ማለትም ፖሊሶችን በሬዲዮ የምታሰማራዋ ሠራተኛ፣ ዩ ጎዳና ላይ ተኩስ መሰማቱን ከተናገረች፣ ተሳፋሪዬን ይዤ ወደዚያ አልገባም፤ አንድ ሁለት ጎዳና ዞሬ እሄድ ነበር። የከተማዋንም አድራሻ አነጋገር በደንብ የለመድኩት ከዚያች ትንሽ ሣጥን ነው። ዲስፓቸሯ ቁጥሩንና የጎዳናውን ስም ትደግምና መጨረሻ ላይ ኖርዝዌስት (ሰሜን ምዕራብ) ወይም ኖርዝኢስት (ሰሜን ምሥራቅ) ብላ ትዘጋለች። እንደምታውቁት በዲሲ አንድ ዓይነት ቁጥርና የጎዳና ስም በተለያዩ የከተማዋ ማዕዘኖች ይደገማል፤ ያቺ የመጨረሻ ቃል ከተዘለለች ታክሲውም አምቡላንሱም ከሌላ ሰው በር ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በ2011 መጸው ላይ ፖሊስ ሬዲዮውን ሲመሰጥር፣ ማለትም ከራሱ መሣሪያዎች በቀር ማንም እንዳይሰማው ሲቆልፈው፣ ስካነሯ ዝም አለች። የወቅቱ የፖሊስ አዛዥ ካቲ ላኒየር ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ምክንያት፣ ሌቦችና ዕፅ አዘዋዋሪዎች በእጅ ስልካቸው የፖሊስን ሬዲዮ እያዳመጡ ያመልጣሉ የሚል ነበር። ሌሊት የሠራ ሰው ይህን ሥጋት አይንቅም። ሆኖም መድኃኒቱ ከበሽታው ልክ በላይ ነበር፤ ለጥቂት ሌቦች ሲባል ጋዜጠኛውም፣ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን አባሉም፣ ከመስኮቱ ሥር ስለሰማው ሳይረን ምንነት ማወቅ የሚፈልገው ነዋሪም አብረው ተዘጋባቸው።

ምስጠራ የሚዘጋው በአድማጩ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ይህች ከተማ ከሌላው ሁሉ በላይ ታውቃለች። ዲጂታል ሬዲዮ ሲመሰጠር እያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ የሚጫን ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ ቁልፉ የሌለው ሬዲዮ፣ የጎረቤት አውራጃ እሳት አደጋ ሠራተኛ እንኳ ቢይዘው፣ ከእኔ ስካነር አይሻልም። ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 በላንፋንት ፕላዛ ጣቢያ አጠገብ ባለው የሜትሮ ዋሻ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተነሣ ጭስ የቢጫውን መስመር ባቡር ሲሞላው፣ ተሳፋሪዎች ከግማሽ ሰዓት በላይ ተዘግተው ቆዩ፤ አንዲት ሴት ሞተች፣ ከ80 በላይ ሰዎችም ተጎዱ። ወደ ዋሻው የገቡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሬዲዮ አልሠራ ብሏቸው ነበር። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ በሬዲዮው ላይ ያደረገው ለውጥ፣ ምስጠራውን ጨምሮ፣ ከሜትሮው ጋር አለመናበቡ ነው። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ሜትሮና ከተማው ብዙ ተከራክረዋል፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ግን ከዚያ በኋላ ምስጠራውን አንሥቷል፣ ዛሬም የእሳትና የአምቡላንስ ጥሪ ማንም ሊሰማው ይችላል።

ይህ ክፍት ቻናል ምን እንደጠቀመን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የ911 ጥሪ ማዕከላችን አምቡላንስ ወደ ተሳሳተ አድራሻ ሲልክ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነቁት ስካነር የሚያዳምጡ ሰዎች ናቸው፤ ያው ኖርዝዌስትና ኖርዝኢስት ነው። ኦገስት 14 ቀን 2023 በሮድ አይላንድ አቬኑ ኖርዝኢስት ጎርፍ አንድ የውሻ ማቆያ ሰብሮ ገብቶ 10 ውሾች ሲሞቱ፣ ቀድሞ የተደወለው ጥሪ እንደ ተራ የውኃ ፍሳሽ ተመዝግቦ እንደነበረ ከተማው ሁሉ ዐወቀ፣ እናንተም ባለሥልጣናቱን ጠየቃችሁ። በፖሊስ በኩል ተመሳሳይ ስሕተት ቢፈጠር በጊዜው የሚሰማ የውጭ ጆሮ የለም።

በተቃራኒው የሚነሣው ጠንካራ ክርክር የግል ምስጢር ጉዳይ ነው። በቤቷ የተደበደበች ሴት ስምና የልደት ቀን በአየር ላይ እንዲነበብ እኔም አልፈልግም። የካሊፎርኒያ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ፖሊሶች እንዲህ ያለውን መረጃ እንዲጠብቁ ሲያዝ፣ የፓሎ አልቶ ከተማ በ2021 መጀመሪያ ሬዲዮዋን ጠቅላላ መሰጠረች፤ በ2022 ግን መልሳ ከፈተችው፤ ፖሊሶቹም የሰው ስምና መታወቂያ ሲያስፈልጋቸው በስልክ ወይም በመኪናቸው ኮምፒውተር እንዲጠቀሙ አደረገች። ስለዚህ ምስጢርን መጠበቅና ሬዲዮን መክፈት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ቺካጎ የመረጠችው መንገድ ድምፁን 30 ደቂቃ አዘግይቶ ማሰማት ነው፣ ባልቲሞር ደግሞ 15 ደቂቃ። ይህ ለጋዜጠኛ መዝገብ ይሆነው ይሆናል፤ በ14ኛ ጎዳና ላይ ተሳፋሪ ለጫነ ሹፌር ግን የትናንት ጋዜጣ ነው። ከምንም የሚሻል ቢሆንም እንደ መጨረሻ ግብ እንዳትቀበሉት እለምናለሁ።

የምጠይቀው ሁሉም ነገር እንዲከፈት አይደለም። የመርማሪዎች፣ የልዩ ኃይልና የክትትል ቻናሎች እንደተመሰጠሩ ይቆዩ። የሰባቱ የፖሊስ ዲስትሪክቶች መደበኛ የጥሪ ቻናሎች፣ ማለትም ፖሊስ ወዴት እንደተላከና ለምን እንደተላከ የሚነገርባቸው፣ እንደ እሳት አደጋው ይከፈቱ። ፖሊስ በሚቀጥለው ዓመታዊ የአፈጻጸም ክትትል ስብሰባ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን በጽሑፍ እንዲመልስ እንድታዙልኝ እጠይቃለሁ፤ ከ2011 በፊት በስካነር ወይም በስልክ እያዳመጠ ማምለጡ የተረጋገጠ ተጠርጣሪ ስንት ነበር፣ እንዲሁም የእሳት አደጋ ቻናሎች ከተከፈቱ ወዲህ በዚሁ ምክንያት የደረሰ ጉዳት ካለ ምንድን ነው። መልሱ በአማርኛም ቢወጣልን ደስ ይለናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንድ የቀድሞ የሌሊት ታክሲ ሹፌር
ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኖርዝዌስት