ፈቃዱ ከቱቦው አይለይ፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የባዮባንክ ናሙናና መረጃ አያያዝን ይመለከታል

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ዙሪያ ናሙና የምንሰበስብ፣ የምናጓጉዝና የምንመዘግብ የላቦራቶሪና የመረጃ ባለሙያዎች ነን። የባዮባንክ (የደምና የሌላ የሰውነት ናሙና ለምርምር የሚቀመጥበት ማከማቻ) መመሪያ ስታወጡም ሆነ ስታሻሽሉ አንድ ነገር በግዴታነት እንዲገባ እንጠይቃለን፤ የሰጪው ፈቃድ ከቱቦው ባርኮድ ጋር ያልተመዘገበ ናሙና ፍሪዘር አይግባ፣ ከፍሪዘርም አይውጣ።

ናሙናው ከፈቃዱ የሚለያየው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። የፈቃደኝነት ቅጹ በወረቀት ይፈረምና ቦክስ ፋይል ውስጥ ገብቶ ጤና ጣቢያው ይቀራል። ደሙ ግን በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ተለይቶ፣ ፈሳሹ ክፍል ማለትም ፕላዝማው ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር እየሆነ በትናንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ወደሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪ ሲጠይቅ ሲስተሙ መደርደሪያውን፣ ሣጥኑንና የቀረውን መጠን ያሳያል። ሰውየው የተስማማው ለቲቢ ጥናት ብቻ ይሁን ለሌላም ምርምር ግን አያሳይም። ቅጹን ያስፈረመው ባለሙያም ተዛውሯል። ያኔ ወይ ያልተፈቀደ ናሙና መጠቀም ነው፣ ወይ ደህናውን መጣል። ሁለቱም በደል ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ደም ሲቀዳ አራት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ ናሙናው ለወደፊት ምርምር ይቀመጥ? የዘረመል ምርመራ ይደረግበት? ከአገር ይውጣ? ጤናዎን የሚነካ ነገር ቢገኝ ይነገርዎት? መልሶቹ ባርኮዱ በተነበበበት ሰዓት እዚያው መዝገብ ላይ ይግቡ፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አይቀበል። ደሙ መጀመሪያ ከተቀዳበት እናት ቱቦ የሚከፋፈሉት ሁሉ ያንኑ ፈቃድ ይውረሱ። ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይር በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ይታገዳሉ። በእርግጥ ተመርምሮ ውጤቱ የታተመውን መመለስ አይቻልም፤ ይህም ከመፈረሙ በፊት በግልጽ ይነገረው። በእኛ አካባቢ የፈቃዱ ማብራሪያ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መነበብ አለበት።

የሕፃናት ጉዳይ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወላጅ የፈረመለት ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው እንደገና ሊጠየቅ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ዓመት እንደ ፈረንጅ ከተነበበ የልጁ ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል፤ የ10 ዓመቱ ሕፃን ለሲስተሙ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ይሆናል። ስለዚህ አቆጣጠሩ ራሱን በቻለ ሳጥን ይመዝገብ።

ስለ ቱቦው ራሱ ጥቂት እንበል። ተራ የወረቀት መለያ በቅዝቃዜ ይላቀቃል፣ የእስክሪብቶ ጽሑፍም አልኮል ሲነካው ይጠፋል። ለጥልቅ ቅዝቃዜ የተሠራው መለያ ቱቦው ደረቅ ሳለ፣ ከመቀዝቀዙ በፊት ይለጠፍ። መብራት ሲጠፋም ፍሪዘሩ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ ናሙናውም ቀልጦ እንደሆነ መዝገቡ ላይ ይስፈር፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ከፍታችን ጄኔሬተር የተጻፈበትን ያህል ኃይል አይሰጥምና ሲገዛ ይታሰብበት።

ወደ መረጃው ስንመጣ፣ ስምን ከመዝገቡ መሰረዝ ብቻውን ሰውን አይሸሽግም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንድ ሰው ዕድሜና ጾታ ከሺዎች ጋር ይመሳሰላል። ከዚያው ማዶ ባለችው የገበሬ መንደር ግን ዕድሜያቸው 74፣ ሕመማቸው ብርቅ የሆነ አንዲት እናት በመረጃው ላይ ከታዩ፣ ማን እንደሆኑ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ዕድሜ በአምስት ዓመት ክልል፣ አድራሻ ከክፍለ ከተማ ሳያልፍ ይሰጥ፤ ብርቅ ሕመም ለብቻው ይታይ። የግለሰብ ዲኤንኤ መረጃ በኢሜይልም በፍላሽም ከሚላክ፣ ተመራማሪው እዚሁ በተጠበቀ ኮምፒውተር ገብቶ ይሥራ፤ ይዞ የሚወጣውም የብዙ ሰዎችን ድምር ውጤት ብቻ ይሁን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናና የዘረመል መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቧል።

ናሙና አይውጣ አንልም። ሳይጋራ ፍሪዘር ውስጥ የሚያረጅ ናሙና ሰጪውን ሰው አያከብርም። ግን የማስተላለፊያ ውሉ የቱቦውን ብዛት፣ መጠኑን፣ የሚሠራውን ምርመራ፣ ትርፉ የሚመለስበትን ወይም የሚወገድበትን ቀን ይዘርዝር። የጤፍን ነገር አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2005 በጤፍ ዘር አጠቃቀም ላይ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ውል ነበረን፤ ኩባንያው በ2009 ሲከስር ውሉ ከእጃችን ቀረ፣ በጤፍ ዱቄት ላይ የወጣው የባለቤትነት መብት (ፓተንት) ግን በሌላ እጅ ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት ያንን መብት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። የደም ውል ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ወራሹን፣ ገዢውንና አብሮት የሚሠራውን ሁሉ ማሰር አለበት፤ ለንግድ ከተፈለገ አዲስ ስምምነት ይፈረም።

ናሙና ወይም መረጃ ለመውሰድ የሚቀርበውን ጥያቄ የሚያይ ኮሚቴም ይቋቋም። ሳይንቲስትና የሕግ ባለሙያ ብቻ ሳይሆኑ ናሙና ከሚሰጠው ሰፈር የእድር ተወካዮችም ድምፅ ይኑራቸው። ማን ምን እንደወሰደ፣ ማን ለምን እንደተከለከለ ለሕዝብ ይገለጽ።

እስካሁን የተከማቸውን በተመለከተ፣ በየፍሪዘሩ ቆጠራ ይደረግ። ቅጹ የተገኘው ናሙና ፈቃዱ ይመዝገብለት። ቅጹ ያልተገኘው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ እስኪወስን ድረስ አይነካ፣ ከአገርም አይውጣ። ለቆጠራው በሙያችን ለመሰለፍ ዝግጁ ነን።

ከሠላምታ ጋር
በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የምንሠራ የላቦራቶሪና የመረጃ ባለሙያዎች