ልጄ ውሾቹን ያውቃቸዋል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ለጋዜጣ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ግን ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ አንድ ጭቅጭቅ ተነስቶ፣ በጭቅጭቁም እኔ ተዋርጄ፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ልጽፍላችሁ ተነሳሁ። ጥያቄው አጭር ነው። ወላጅ ትንንሽ ልጆቹን ይዞ ካዚኖ ያለበት ሆቴል ለመዝናናት መሄድ አለበት ወይ? ባሕር ዳር ተቀምጦ ይሄን መጠየቅ ሊያስቅ ይችላል። እኛ ሰፈር ካዚኖ የለም። ግን ቆዩኝማ።

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ዘንድሮ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። እናታችን ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ስልኳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች እያሳየችን ነበር። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አራት። ላስ ቬጋስ ሄደው አራት ቀን ቆይተዋል። ፎቶው ያምራል። የውሸት ኤፍል ማማ አለ፣ ሕንጻ ውስጥ ጀልባ የሚቀዘፍበት ቦይ አለ፣ ውሃ በሙዚቃ እየተወረወረ የሚጨፍርበት ሰፊ ገንዳ አለ። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ጣና ዳር ነው፤ «ውሃ ደግሞ በሙዚቃ!» ብላ ሳቀች።

ልጅቷ ስታወራ ግን አንድ ነገር ጆሮዬ ገባ። ከክፍላቸው ወርደው ዋና ለመሄድ በየቀኑ መብራት ብቻ በሆነ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ማለፍ ነበረባቸው። «ይሸታል» አለች። ሲጋራ ነው። አንድ ቀን የታናሽ ወንድሟ ጫማ ወለቀና እናቷ ልታጠልቅለት ጎንበስ ስትል ጥበቃው መጥቶ እዚህ መቆም አይቻልም አላቸው። ትንሹ አለቀሰ።

እናቴ ይሄኔ ነገሩ ገባት። «ቁማር ቤት ነው እንዴ የወሰድሻቸው? በስመ አብ!»

«ሆቴል ነው እማዬ፤ ቁማሩ ታች ነው።»

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ማስተማር ይቀናኛል፣ ሳልጠየቅም ቢሆን። ጀመርኩ። ላስ ቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ግዛት ሕግ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው መቆመር አይችልም፤ ልጅ ከወላጁ ጋር በአዳራሹ ማለፍ ይፈቀድለታል፣ መቆም ግን አይፈቀድለትም፤ ጥበቃው ሥራውን ነው የሠራው አልኳት። ከዚያ ደግሞ አዳራሹ መንገድ ላይ የተቀመጠው በአጋጣሚ አይደለም፤ ወደ ሊፍቱም ወደ ምግቡም ስትሄጂ በማሽኖቹ መሀል እንድታልፊ ተብሎ ነው አልኳት። ታሪኩንም ጨመርኩላት። በፈረንጆቹ 1968 ሰርከስ ሰርከስ የሚባለው ሲከፈት ከቁማርተኛው አናት በላይ አክሮባቶች ይወረወሩ ነበር። በ1993 ኤምጂኤም ግራንድ ከነመጫወቻ ፓርኩ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ትሬዠር አይላንድ የተባለው ደጃፉ ላይ የባሕር ወንበዴ መርከቦችን እያዋጋ ቤተሰብ ይጠራ ጀመር። ዐሥር ዓመት ያህል ሞከሩት። ከዚያ ፓርኩ ተዘጋ፣ በ2003 የወንበዴዎቹ ትርኢት ለአዋቂ በሚሆን ተለወጠ፣ በዚያው ዓመት ከተማዋ «እዚህ የሆነው እዚሁ ይቀራል» የሚል ማስታወቂያዋን ይዛ ወጣች። ለልጆቹ አዝነው እንዳይመስላችሁ። ጋሪ የሚገፋ ወላጅ ማሽን ፊት አይቀመጥማ! እነሱ እንኳ የተውትን ነገር አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ ሄድሽ፣ ብዬ ደመደምኩ። በራሴ በጣም ረክቼ ነበር።

ስድስት ዓመት የሆነው ልጄ ፈንዲሻ እየበላ «አባዬም ይወስደኛል» አለ። «እኛ ጋ ደግሞ ውሻ አለ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እህቴ ስልኳን አስቀመጠች። ሚስቴ እኔን አየችኝ። «የምን ውሻ?»

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። አዎ፣ ወስጄዋለሁ፣ ደግሞም አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት እናቱ ገበያ ስትወጣ «ሐይቅ ዳር ላንሸራሽረው» ብዬ ይዤው እወጣለሁ። ሐይቅ ዳርም እንሄዳለን፣ አልዋሸሁም። ግን መንገዳችን ላይ አንድ ቤቲንግ ቤት፣ በኳስ ውጤት የሚቆመርበት፣ አለ። አምስት ደቂቃ ብዬ ነው የምገባው። አምስት ደቂቃ ብሎ የገባ ሁሉ ያቺን አምስት ደቂቃ ያውቃታል።

በሩ ላይ ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጄን ይዤ ስገባ ማንም ምንም አላለኝም። እንዲያውም ትኬት የሚቆርጠው ልጅ ከረሜላ ሰጠው። በየሳምንቱ ይሰጠዋል። በኋላ በኋላ ልጄ ቤቱን ገና ከሩቅ ሲያይ እጄን መጎተት ጀመረ። ለእሱ ከረሜላ ቤት ነው።

ውሾቹን ደግሞ ይወዳቸዋል። ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን በየጥቂት ደቂቃው ስድስት ውሾች ይሮጣሉ። የእውነት ውሾች አይደሉም፣ ኮምፒውተር ነው የሚያሮጣቸው። የእንግሊዝ ሊግ እስኪጀመር ሰዉ በእነሱ ይቆምራል። ለትልቅ ሰው ማብቂያ የሌለው ቁማር ነው፤ ለልጅ ካርቱን ነው። ልጄ ቁጥራቸውንም የልብሳቸውንም ቀለም ያውቃል። ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ «ኦድ» የሚለውን ቃል አወቀ፤ ብትበላ ብርህ በስንት እንደሚባዛ የሚነግር ቁጥር ነው። በላን፣ ተበላን፣ ትኬቱ ተቃጠለ፣ ሁሉንም ያውቃል። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ከእህቱ ጋር ብስኩት ሲካፈሉ ትልቁ ለእሷ ደረሰና «ተበላሁ» አለ። ሚስቴ ሳቀች፤ ከየት እንዳመጣው አላወቀችም። እኔ አውቄያለሁ። ዝም አልኩ።

አሁን ሳስበው ግን እኔን የሚያመኝ ቃሉ አይደለም። ልጁ ፊቴን ማንበብ ተምሮ ነበር። ትኬቴ ከበላ የተጠበሰ አሳ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ አንዳንዴም በጀልባ ደብረ ማርያም ደርሰን እንመለሳለን። ከተቃጠለ ወደ ቤት የምንመለሰው በእግራችን ነው፣ ደክሞኛል ካለ ደግሞ እቆጣዋለሁ። ለዚህ ነው ውጤት በወጣ ቁጥር ስክሪኑን ትቶ ቀና ብሎ እኔን የሚያየው። የቁማር ማሽን ሰው የሚይዘው መቼ እንደሚሰጥ ስለማይታወቅ ነው ይባላል፤ አንዴ ይሰጥሃል፣ ዐሥር ጊዜ ይነሳሃል፣ አንተም አሁን ይሰጠኛል እያልክ ትቀመጣለህ። ልጄ ትኬት ቆርጦ አያውቅም። የሚጠብቀው ማሽን ግን ነበረው፣ እሱም እኔ ነኝ። ካዚኖ ሆቴል የሚሄዱትም ልጆች እንዲሁ ይመስሉኛል። ማሽኑን አይነኩም። ማታ አባታቸው ከታች ሲመጣ በምን ፊት እንደሚመጣ ነው የሚጠብቁት። እህቴን ባሏ ማታ ማታ የት ነበር ብዬ አልጠየቅኋትም፤ የራሴ ጉድ ከወጣ በኋላ የመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

የሒሳብ አስተማሪ ሆነህ እንዴት? ትሉኝ ይሆናል። ሚስቴም ይሄንኑ ነው ያለችኝ፣ በሌላ ቃል። ስሌቱን እማ አውቀዋለሁ። ዐሥር ጨዋታ እመርጣለሁ፣ እያንዳንዱ 1.5 ኦድ። ሲባዛ 57.6 ገደማ ይመጣል፤ ዐሥሯ ብር 576 ልትሆን ነው። ያምራል። 1.5 ሲሰጡህ ዕድሉ ከሦስት ሁለት ይመስልሃል፣ ግን እነሱ ለራሳቸው ትንሽ ቆርጠውበታል፣ ከመቶ 65 በለው። ዐሥሩም አንድ ላይ የመሳካታቸው ዕድል ታዲያ ከመቶ 1.3 ነው። ሺህ ሰው ዐሥር ዐሥር ብር ቢቆርጥ 10,000 ብር ይሰበሰባል፣ 13 ሰው ያህል ይበላል፣ አሥራ ሦስቱ ተሰብስበው የሚወስዱት 7,500 ብር ገደማ ነው። የቀረው የቤቱ ነው። ይሄን ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ ሠርቼ አሳይቻቸዋለሁ። በዚያው ዕለት ማታም ትኬት ቆርጫለሁ። አንዷ ጨዋታ ብቻ ናት ያቃጠለችኝ፣ በ90ኛው ደቂቃ። ይኸው አሁንም «አንዷ ብቻ» እያልኩ ነው፤ አያችሁ?

እህቴ ጠበቅ ያለች ሴት ናት። አልሰደበችኝም። «እኔን እኮ ቢያንስ ጥበቃው አባሮኛል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እዚያ ልጅ ጫማው ቢወልቅ እንኳ አትቁም ይባላል፤ እኛ ጋ ወንበር ተስቦለት ከረሜላ ይሰጠዋል።

ሁሉም አገር እንደ ቬጋስ አይደለም፣ ይሄንንም እህቴ ናት ያነሳችው፣ ልክም ናት። ሲንጋፖር በ2010 ሁለት ትልልቅ ካዚኖዎች ከፈተች። አንደኛው ግቢ ውስጥ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ የሚባል የልጆች መዝናኛ አለ። ካዚኖው ግን በር አለው፣ በሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ከ21 ዓመት በታች አይገባም፣ የአገሩ ሰው ደግሞ ለመግባት ብቻ ለ24 ሰዓት 150 የሲንጋፖር ዶላር ይከፍላል። እንዲህ ከሆነ ልጅ ይዞ መሄድ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። ልጁ የሚያየው ዋናውንና መጫወቻውን ነው፤ አባትየው ለብቻው ሾልኮ ከሄደ የራሱ ጉዳይ። ልጅ በየቀኑ በማሽን መሀል ካልሆነ ዋናው ጋ የማይደርስበት ሆቴል ግን አይሆንም፣ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስደውም። «ልጅ ነው፣ ምን ይገባዋል» የምትሉ ካላችሁ የእኔን ልጅ ስለ ውሾቹ ጠይቁት።

ወላጅ ልጁን ይዞ የት ይሂድ? የሚል ይኖራል። ይሄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር አላት ይባላል፣ ግን ዳሩ ላይ ቁጭ ለማለት አብዛኛውን ጊዜ ቡና ወይም ቢራ ማዘዝ አለብህ፤ የገዛ ሐይቅህን ለማየት ትከፍላለህ። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን በዚህ ጊዜ ሰው እንደ ድሮው ልጆቹን ጭኖ እንደልቡ አይወጣም። ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ ጥቂት ነው፣ ስክሪን ያለበት ቤት ብዙ ነው። ይሄን የማነሳው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። እግሬ የለመደውን መንገድ ነው የሄድኩት፣ ሌላ መንገድ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም።

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ልጅ ይዞ ለሚመጣ አባትም ይሥራ። ልጁን ብቻ «ውጭ ጠብቅ» እንዳትሉት፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ አባቱን የሚጠብቅ ሕፃንም አይቻለሁ፣ ያም አይሻልም። አባትየውን ነው መመለስ። «ጋሼ፣ ልጅ ይዘው አይገባም» ቢሉኝ ኖሮ አፍሬ እመለስ ነበር፤ ምናልባት ሁለተኛ አልመጣም ነበር። ምናልባት ነው ያልኩት። ከረሜላውን ደግሞ በእናታችሁ ተዉት። ስልክ ላይ ያለውን ማን እንደሚከለክል እንጃ። ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቪዬተር የሚባለውን የስልክ ቁማር ከፍቶ ያቺን ቀይ አውሮፕላን የሚያስነሳ አባት ጥበቃም በርም የለበት።

እኔ አሁን ስድስት ሳምንት ሆኖኛል። ቅዳሜ በሌላ መንገድ ነው የምንሄደው፣ ትንሽ ይረዝማል። ልጄ መጀመሪያ ላይ አኩርፎ ነበር፣ ከረሜላውንም ውሾቹንም አንድ ላይ ነው ያጣው። አሁን ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ የሚያጸዱበት ቦታ መቆም ወዷል። አንጀቱን ወደ ውሃው ሲወረውሩት ፔሊካኖቹ ተሻምተው ይመጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሆነው ተደርድረው ሲጠብቁ አያቸውና እጄን ጎተተኝ።

«አባዬ፣ የትኛው ነው የሚበላው?»

እኔም ሳላስበው «ቁጥር ሦስት» አልኩት።

አክባሪያችሁ፣
የሁለት ልጆች አባት የሆነ መምህር፣
ከባሕር ዳር