ኦሳካ ላለው ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የኅዳር ብርድ ከገባ ወዲህ የእናትህ ጉልበት ብሶበታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

እህትህ ሁሉንም ነገረችኝ። እዚያ አዲስ እምነት ይዘህ በመጠመቅህ አልቆጣህም፤ ሠላሳ ዓመት የሞላህ ሰው ነህ። ግን ለእናትህ «የእመቤታችንን ሥዕል ከግድግዳ ካላወረድሽ ቤትሽ አልገባም» ብለህ መጻፍህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ፣ እናትህን አታስገድዳት።

ያለህበት አገር ይህን ነገር ቀድሞ አይቶታል። በ1563 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ኦሙራ ሱሚታዳ የሚባል በደቡብ ያለችው የኪዩሹ ደሴት ባላባት ተጠምቆ በርተሎሜዎስ ተባለ። ከጃፓን መሳፍንት ለመጠመቅ የመጀመሪያው እሱ ነው። የፖርቱጋሎች መርከብ ወደቡ እንዲመጣለት መፈለጉ አይካድም፤ እኔ ግን ለንግድ ብቻ የተጠመቀ አይመስለኝም። ጣጣው የመጣው ርስቱን ያወረሰውን የአሳዳጊ አባቱን መታሰቢያ ባቃጠለ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የገዛ ሰዎቹ ሸፈቱበት፤ ዮኮሴውራ የሚባለው ወደቡም ነደደ። እሱ ግን አልተማረም፤ በ1574 የአሮጌውን እምነት መቅደሶች እያስፈረሰ ሕዝቡን አስጠመቀ። የሱስንዮስን ነገር ታውቀዋለህ፤ አልደግምልህም።

ስለዚያ መታሰቢያ ባነበብኩ ቁጥር የአባቴ ዳዊት ይመጣብኛል። በእኛ 1968 ከዘመቻ ስመለስ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነበር። አባቴ ማለዳ ዳዊቱን ሲደግም «ይህን የባላባት መጽሐፍ ተወው» ብዬ ከእጁ ነጠቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ እንጂ ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲያ እኔ ቤት ካለሁ ድምፁን አውጥቶ ደግሞ አያውቅም። ሲሞት ዳዊቱን ራስጌው ሥር አገኘሁት። የተቀደደ ማኅደሩን የሰፋችው እናትህ ናት። እኔ ግን ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

እባክህ፣ እናትህን አታስገድዳት።

ታካትሱኪ ከአንተ በባቡር ቅርብ ነው፤ ሂድና የግንቡን ቦታ እይልኝ። እዚያ የገዛው ታካያማ ኡኮን ገና በልጅነቱ የተጠመቀ ነው። ሬሳ መሸከም የተናቁ ሰዎች ሥራ በነበረበት አገር ከአባቱ ጋር የድሃ ሬሳ በትከሻቸው ተሸክመዋል ይባላል። በ1587 የጃፓን ገዥ የነበረው ሂዴዮሺ እምነትህን ካድ ቢለው ርስቱን ትቶ ወጣ። በ1614 ከአገር ተባርሮ ማኒላ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1615 መጀመሪያ እዚያው ሞተ። የሱ ጽናት ደስ ይለኛል፤ የእምነቱን ዋጋ ሲጠየቅ የከፈለው ከራሱ ነው።

ወፍራሙን ካፖርት ልበስ፤ ደረትህ ብርድ እንደማይችል ታውቃለህ። የፓስፖርትህን ቀን እይ፣ እንዳያልፍብህ። በርበሬና ሽሮ የሚያደርስልህ ሰው አግኝቻለሁ፤ አድራሻህን በጃፓንኛ ጽፈህ ላክልኝ። እሑድ እናትህ ከቅዳሴ ስትመለስ ደውልላት። ስለ ሥዕሉ አንዲት ቃል እንዳታነሳ፤ ጉልበቷን ጠይቃት።

አባትህ