ስለተቆለፈው የካንጋሮ ክፍል ለጤና ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባሁት አቤቱታ ገቢ ተደርጎ፣ ቁጥር ተሰጥቶትና ማኅተም አርፎበት ሲያበቃ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ጸሐፊዎ ሁልጊዜ በትሕትና «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሉኛል፤ ቅሬታ ሰሚው ደግሞ ጉዳዩ እየታየ መሆኑን ይገልጹልኛል፤ ማን እንደሚያየው ግን አያውቁም። የሆስፒታሉንም ሆነ የእርስዎን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ሁለቱንም ያውቋቸዋልና።

በሆስፒታሉ የማዋለጃ ሕንፃ መጨረሻ ላይ «የካንጋሮ እናቶች እንክብካቤ ክፍል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር አለ፤ ክፍሉ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ራቁት ደረታቸው ከእናታቸው ደረት ጋር ተጣብቆ በገላዋ ሙቀት እንዲሞቁ የተዘጋጀ ነው። ልጄ ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ፣ በ31ኛው የእርግዝና ሳምንቷ፣ አንድ ኪሎ ተኩል የማትሞላ ሴት ልጅ ተገላግላ ከመንዝ ሪፈር ተጽፎላት ስትመጣ ያ በር ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ያለው በንብረት ክፍል ሠራተኛው እጅ ነው፤ ውስጡ የሚገኙትም እናቶች ሳይሆኑ የተሰበሩ አልጋዎችና እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርቶኖች ናቸው።

ልጄ የወለደችበት ጤና ጣቢያ የሕፃናት ማሞቂያ የሚባል ነገር የለውም። ሆኖም እዚያ ያለችው ወጣት አዋላጅ ነርስ ሕፃኗን በደንብ አድርቃ፣ ኮፍያና ካልሲ አጥልቃላት፣ ራቁት ደረቷን ከእናቷ ደረት ጋር አጣብቃ በነጠላ ካሰረቻት በኋላ ከላይ በባና ሸፍና ነው አምቡላንስ ላይ ያሳፈረቻቸው። በጥቅምት ሌሊት ከጓሳ በኩል የሚነፍሰውን ውርጭ ለሰሜን ሸዋ ሰው መግለጽ አያስፈልግም። ያንን ሁሉ መንገድ በዚያ ብርድ ተጉዛ ሆስፒታል የደረሰችው ሕፃን ሰውነቷ ሙቅ ነበር። የቀዘቀዘችው ሆስፒታል ከገባች በኋላ ነው። የተቀበላት ባለሙያ ነጠላውን ፈትቶ ከሌሎች ሁለት ሕፃናት ጋር በአንድ ማሞቂያ ላይ አስተኛት፤ እናቷንም ኮሪደር ላይ ፍራሽ አንጥፋ እንድትጠብቅ አዘዛት። መብራት በሄደ ቁጥር ማሞቂያው ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ሰው እስኪገኝም ይጠበቃል። በማግስቱ ጠዋት ከ36.5 በታች መውረድ የሌለበት የሕፃኗ ሙቀት 35 ዲግሪ ሆኖ ተመዘገበ። አባቷ ሸሚዙን አውልቆ ደረቱ ላይ ሊያቅፋት ቢለምን «እዚህ ወንድ አይገባም» ተብሎ በጥበቃ ተገፍቶ ወጣ።

ቀጥሎ ያለውን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ የምጽፈው ለሌላው አንባቢ ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላው የሚወለድ ሕፃን ቆዳው ስስ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብም ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል፤ ሲበርደው ራሱን ለማሞቅ በደሙ ያለችውን ጥቂት ስኳርና ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ከዚያም መጥባት ያቅተዋል፣ ትንፋሹም ይደክማል። ካንጋሮ የሚባለው እንክብካቤ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የተጀመረው በሀብት ብዛት ሳይሆን ማሞቂያ አንሶ ሕፃናት እየተደራረቡ በመቸገራቸው ነበር። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከተወለዱ በኋላ ወዲያውኑ በእናታቸው ደረት ላይ የተደረጉት ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሕፃናት ሞት በሩብ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ይኸው እንክብካቤ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ ጠይቋል። የመንዟ አዋላጅ ይህን ታውቃለች። የበላይ የሆነው ሆስፒታል እሷ ያሰረችውን ፈታው።

በሩ ሲከፈት ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ቀን በሚታሰብበት ኅዳር 8። ካርቶኖቹ ማለዳ ወጡ፣ ሐምራዊ ፊኛዎች ተሰቀሉ፣ ልጄና ሌሎች እናቶች ከኮሪደር ተጠርተው አዲስ አንሶላ በተነጠፈባቸው አልጋዎች ላይ ሕፃናቱን አቅፈው እንዲቀመጡ ተደረገ። እርስዎም ንግግር አደረጉ። ንግግርዎ መልካም ነበር፤ ስለ እናት ገላ ሙቀት የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። ካሜራዎቹ እንደሄዱ ግን፣ ገና ምሳ ሳይደርስ፣ አንሶላው ተነሥቶ እናቶቹ ወደ ኮሪደሩ ተመለሱ፤ ካርቶኖቹም ወደ ክፍላቸው ገቡ። የዚያ ዕለት ፎቶግራፍ ዛሬ በመሥሪያ ቤትዎ መግቢያ ላይ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። ከመካከሉ የምትታየው ልጄ ናት። አቤቱታዬን ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር በልጄ ፎቶ ሥር ወንበር ይሰጠኛል።

የልጅ ልጄ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፋ አሁን መዳኽ ጀምራለች። ከልጄ ጎን ኮሪደሩ ላይ ተኝታ የነበረችው የመርሐ ቤቴዋ እናት ግን ልጇን ቀብራ ነው የተመለሰችው። ሐኪም አይደለሁምና በምን እንደሞተ አልናገርም። በሌሊት መብራት ሲጠፋ እናቱ «ስጡኝና ልቀፈው» እያለች ስትለምን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የምጠይቀው ነገር በጀት የሚያሻው አይደለም። ዕቃው ወደ ግምጃ ቤት ይሂድ፤ ቁልፉ በተረኛዋ አዋላጅ እጅ ይሁን፤ እናት ስትደክም አባትም ሆነ አያት ሕፃኑን ማቀፍ እንደሚችል ለጥበቃዎቹ በጽሑፍ ይነገራቸው። ይህን ለመፈጸም መጪው ኅዳር መጠበቅ የለበትም። አይቻልም የሚሉ ከሆነ ደግሞ ልጄ ያላገኘችውን አገልግሎት እንዳገኘች አድርጎ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ከግድግዳዎ ይውረድልኝ።

ከሰላምታ ጋር

ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ከመንዝ