የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ወጨጫ ላይ የዋልንበት ቅዳሜ

ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን 34 አባላትን ይዞ የችግኝ ማፍያውን አጥሯል፣ በሰልፍ ሰዓት መልእክት አስተላልፏል፣ የግቢውንም ደረቅ ቆሻሻ በየሁለት ሳምንቱ ለይቷል። ዝርዝሩ ለርእሰ መምህሩ በቀረበው ሪፖርት ስለሚገኝ አልደግመውም። አባላቱ እስከ ዛሬ የሚያነሡት በኅዳር ወር በወጨጫ ተራራ ላይ ወደሚገኘው መናገሻ ሱባ ደን ያደረግነውን ጉዞ ስለሆነ፣ የተሰጠኝን ገጽ ለእርሱ አውዬዋለሁ።

የተከራየነው አውቶቡስ ዘግይቶ በመምጣቱ የተነሣነው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ በሰበታ በኩል አልፈን ደኑ ስንደርስ ብርዱ ለቆ፣ ሰማዩም የኅዳር ሰማይ እንደ ልማዱ ጥርት ብሎ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እዚህ እንዳስተከሉ ይነገራል። ይህንን በክፍል ውስጥ ስናገር ማንም ልብ አላለውም፤ አንዱን ጥድ ለማቀፍ ሦስት ልጆች እጅ ለእጅ ሲያያዙ ግን ዘመኑን ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ።

ጥዱና ዝግባው እየሳሳ ኮሶው በሚበዛበት ከፍታ ላይ የጉሬዛ መንጋ አገኘን። እናቲቱ ጥቁርና ነጭ ስትሆን ደረቷ ላይ የተለጠፈው ግልገል ግን ሁለመናው እንደ ባዘቶ ነጭ በመሆኑ፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ነጩስ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ እንደሆነና ጥቁሩ ቀለም በኋላ እንደሚመጣ ስነግራት አላመነችኝም መሰለኝ፤ መንጋው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየዘለለ እስኪሰወር ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም።

ለእያንዳንዱ ተማሪ የ20 ዕፅዋት ስም የሚመዘገብበት ቅጽ አዘጋጅቼ ነበር። ምዝገባው እስከ ኮሶው ድረስ በሥርዓት ቢሄድም፣ አስታው ወደሚጀምርበት ገላጣ ቦታ ወጥተን፣ የበቾ ሜዳ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ከታች ተንጣልሎ ሲታየን፣ ሁሉም ቦርሳውን አውርዶ ተቀመጠ። ከየቤቱ የመጣው ጭኮ፣ ዳቦና የፔርሙዝ ሻይ መሐል ላይ ቀረበ። በመርሐ ግብሩ መሠረት እዚያ የምንቆየው 30 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ከፊሎቹ ሣሩ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ከፊሎቹ የሩቁን መንደር በስም ለመለየት እየተከራከሩ፣ እኔም ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አይቼ ዝም እያልኩ፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል ድረስ ቆየን። አንድ ተማሪ ቅጹን እንደ ቀንድ ጠቅልሎ ቆሎ ሞላበትና በሁለት እጁ አቀረበልኝ። መቆጣት ነበረብኝ፤ ቆሎው ግን ትኩስ ባይሆንም ጥሩ የተቆላ ነበር።

ከ34ቱ ቅጾች ተሞልተው የተመለሱልኝ 9 ናቸው፤ አንዱ የጭኮ ቅቤ ቢነካውም ስለሚነበብ ከሌሎቹ ጋር በክበቡ ፋይል ውስጥ ተያይዟል።